«ራሾሞን»ን ይፋግ ላይ ማየት፤ ስለ ምስክር ቃልና ስለ ትረካ አንጻር

የልቦለድ አላባውያንን ማስተማር ከጀመርኩ ረዘም ያለ ጊዜ ሆኖኛል። ስለ ትረካ አንጻር የምናገርበት ሳምንት ሲደርስ ሁልጊዜ የማነሳው አንድ ምሳሌ ነበረኝ፤ ይኸውም «ራሾሞን» የተሰኘው የጃፓናዊው ዳይሬክተር የአኪራ ኩሮሳዋ ፊልም ነው። አንድ ሰው ጫካ ውስጥ ሞቶ ይገኛል፤ ስለ አሟሟቱ የተለያዩ ሰዎች ቃላቸውን ይሰጣሉ፤ ቃላቸው ግን አይገጥምም። ስለዚህ እውነት እንደ ተራኪው ነው እል ነበር። ለተማሪዎች በማድለው የማስተማሪያ ጽሑፍ ላይም «እያንዳንዱ ባለታሪክ ራሱን ከወንጀሉ ነጻ ለማውጣት ሲል ታሪኩን በራሱ አንጻር ይተርካል» የሚል ዓረፍተ ነገር ሰፍሯል። ዓረፍተ ነገሩ የኔ አይደለም። እኔም ተማሪ ሳለሁ ከተሰጠኝ ጽሑፍ ላይ የገለበጥኩት ነው።

ፊልሙን አላየሁትም ነበር። ይህን መናገር ለአንድ የሥነ ጽሑፍ መምህር የሚያስደስት ነገር አይደለም፤ ነገር ግን ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነኝ እሱው ስለሆነ ዘልዬው ማለፍ አልችልም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ተማሪ በፈተና ወረቀቷ ላይ «በ‹ራሾሞን› ውስጥ ራሱን ነጻ ለማውጣት የሚናገር የለም፤ ሦስቱም ገደልኩ ነው የሚሉት» ብላ ጻፈች። በቀይ አሰመርኩበትና ዜሮ ሰጠኋት። ቢሮዬ ድረስ መጥታ ፊልሙን በዓይኗ እንዳየችው ነገረችኝ። የማስተማሪያ ጽሑፉን ደግማ እንድታነብ መከርኳት።

ፊልሙን ያየሁት በ2015 ዓ.ም. የጥምቀት ሰሞን ዘመድ ለመጠየቅ ይፋግ በሄድኩበት ጊዜ ነው። ይፋግን ለማያውቅ አንባቢ፣ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ፣ በወረታና በአዲስ ዘመን መካከል ያለች፣ በሊቦ ከምከም ወረዳ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። በ19ኛው ምዕተ ዓመት የጎንደርና የጎጃም ነጋዴ የሚገናኝባት ስመ ጥር ገበያ እንደነበረች የውጭ አገር ተጓዦች ጽፈዋል፤ ዛሬ መኪናው ሽው ብሎ የሚያልፋት ከተማ ሆናለች። አንድ ባልደረባዬ በፍላሽ ከሰጠኝ ፊልሞች መካከል «ራሾሞን» ነበረ። ማታ፣ እራት ተበልቶ ቡናው እየተፈላ ሳለ፣ ላፕቶፔን መሶቡ ላይ ላስቀምጥ ስል የአጎቴ ባለቤት ተቆጡኝና ሳጥን አቀረቡልኝ። ብቻዬን ላየው ነበር ሐሳቤ። አጎቴ ግን «ምንድን ነው እሱ? እኛም እንየው እንጂ» አሉ።

እንዲህ ሆኖ ተርጓሚ ሆንኩ። ፊልሙ በጃፓንኛ፣ የግርጌ ጽሑፉ በእንግሊዝኛ፣ ተመልካቾቼ ደግሞ አማርኛ ብቻ የሚሰሙ ናቸው። አጎቴ በዕድሜ የገፉ፣ በንጉሡ ዘመን አውጫጭኝ ተቀምጠው የሚያውቁ፣ እስከ ዛሬም ለሽምግልና የሚጠሩ ሰው ናቸው። በሰማንያ ስምንት ደቂቃ ፊልም ላይ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ፈጀን፤ ሦስት ጊዜ አስቆሙኝ። ከዚህ ቀጥሎ የማቀርበው ሐሳብ መነሻው ከነዚያ ሦስት መቋረጦች ነው።

በቅድሚያ ለንባቡ የሚያስፈልገውን ያህል ታሪኩን ላስቀምጥ። ራሾሞን የጥንቷ የኪዮቶ ከተማ በር ነው። በፈራረሰው በር ሥር፣ ዶፍ ዝናብ እየወረደ፣ አንድ እንጨት ቆራጭ፣ አንድ መነኩሴና አንድ ተራ መንገደኛ ተጠልለዋል። ሁለቱ ከችሎት ነው የመጡት። አንድ ሳሙራይ ተገድሏል፤ ሚስቱ ተደፍራለች። በችሎቱ ላይ ሽፍታው ታጆማሩ፣ ሚስቲቱና፣ በአንዲት ጠንቋይ አፍ፣ ሟቹ ራሱ ቃላቸውን ሰጥተዋል። ፊልሙ ቃላቸውን በምልሰት እያሳየን ወደ በሩ ይመለሳል። መጨረሻ ላይ እንጨት ቆራጩ፣ በችሎት «ሬሳ አገኘሁ» ብቻ ብሎ የነበረው፣ ሁሉንም ተደብቆ አይቶ እንደነበረ ለመንገደኛው ይነግረዋል።

የመጀመሪያው መቋረጥ የመጣው ታጆማሩ ታስሮ ቁጭ ብሎ መናገር ሲጀምር ነው። አጎቴ «ለማን ነው የሚናገረው?» አሉ። ለዳኛው ነው አልኳቸው። «ዳኛው የታለ?» ዳኛው አይታይም። ድምፁም አይሰማም። ምስክሮቹ ጥያቄውን ራሳቸው ደግመው ይመልሳሉ፤ ፊታቸውም ወደ እኛ ነው። ይህን ነገር ስለ ፊልሙ የጻፉ ሰዎች ሁሉ ያነሱታል፤ ተመልካቹ በዳኛው ቦታ ተቀምጧል ይላሉ። እኔም ይህንኑ ነገርኳቸው። አጎቴ አልተደነቁም። «እንግዲያስ የመንገድ ዳኛ አድርገውናላ» አሉ።

ይህ አነጋገር ከብዙ የሂስ መጻሕፍት የበለጠ ነገሩን ያቀልልኛል። በቀድሞው የሙግት ሥርዓታችን ሁለት ባላንጣዎች ኩታቸውን ቋጥረው ሲሄዱ ያገኙትን መንገደኛ «ዳኘን» ብለው ሊያስቆሙት ይችሉ ነበር። መንገደኛው ስለ ነገሩ አያውቅም፤ ዳኝነቱን አልፈለገውም፤ ግን ተይዟል። በላ ልበልሃም በዚህ ዓይነት አደባባይ ያደገ ጥበብ ነው። ሙግቱ የሚረታው በማስረጃ ብቻ ሳይሆን በአነጋገር ውበትም ስለሆነ፣ ዳኛው ከቃሉ ማማር ውስጥ እውነቱን ነጥሎ የማውጣት ግዴታ ነበረበት። «ራሾሞን»ን የሚያይ ሰውም ልክ እንደዚሁ ነው። ኩሮሳዋ የማይታይ ዳኛ ያስቀመጠው እውነት የለም ለማለት ነው የሚለውን ትርጓሜ ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ መጠራጠር ጀመርኩ። ዳኛ የሌለበት ችሎት ሌላ ነው፤ ዳኛው አንተ የሆንክበት ችሎት ሌላ ነው።

ሁለተኛው መቋረጥ የኔን የማስተማሪያ ጽሑፍ የገደለው ነው። ታጆማሩ እየሳቀ፣ ሳሙራዩን በወንድነት ተዋግቶ እንደገደለው ይናገራል። ሃያ ሦስት ጊዜ ሰይፍ ለሰይፍ ተማታን፣ ከኔ ጋር ከሃያ ያለፈ ከሱ በቀር የለም ይላል። ቶሺሮ ሚፉኔ ይህን ሲጫወት ትንኝ እየመታ፣ እየተቁነጠነጠ፣ እየፎከረ ነው። ቀጥሎ ሚስቲቱ፣ ማቺኮ ኪዮ፣ እያለቀሰች ትመጣለች፤ ባሏ በንቀት ዓይን ስላያት ጩቤ ይዛ ራሷን እንደሳተችና ስትነቃ ጩቤው ደረቱ ላይ ተሰክቶ እንዳገኘችው ትናገራለች። ሦስተኛ ሟቹ በጠንቋይዋ አፍ መጥቶ፣ ሚስቱ ስለከዳችው በገዛ እጁ ራሱን እንደገደለ ይናገራል። አጎቴ እጃቸውን አነሱ። «ቆይ አቁመው። ይኼ ምን ዓይነት ነገር ነው? ሁሉም ገደልኩ ነው እንዴ የሚለው?»

አፍሬ ዝም አልኩ። ቀዩን መስመር አስታወስኩ።

አጎቴ የተገረሙበት ምክንያት አላቸው። እሳቸው የሚያውቁት አውጫጭኝ፣ በሌላ ስሙ አፈርሳታ፣ የተገነባው በተቃራኒው ነው። ቤት ሲቃጠል ወይም ሰው ሲገደልና ገዳዩ ሲጠፋ አገሬው በሙሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ የቀረ ይቀጣል፤ ነገሩ እስኪወጣ ማንም ወደ ጉዳዩ አይሄድም። እያንዳንዱ ሰው ተነስቶ አላየሁም አልሰማሁም ብሎ ይምላል። በዳዩ ሳይታወቅ ከቀረ ካሳው በአገሬው ላይ ይወድቃል። እውነቱ የሚመጣው በአደባባይ ከሚነገረው ቃል ሳይሆን፣ ማንነቱ ሳይገለጥ ለሽማግሌዎቹ ጆሮ ሹክ ከሚላቸው ሰው ነው፤ አጎቴ «ወፍ» ይሉታል። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በእንግሊዝኛ የጻፈው «አፈርሳታ» የተሰኘው ልቦለድም በዚህ ሥርዓት ላይ የቆመ ነው። በዚህ ዓለም ውስጥ «ገደልኩ» ብሎ የሚነሳ ሰው አይገኝም። ከነገሩ ጦም እደሩ የሚለው ተረት የወጣው ከእንዲህ ያለው ሜዳ ይመስለኛል።

እንግዲያው በ«ራሾሞን» ሦስቱ ተናጋሪዎች የሚከላከሉት አንገታቸውን አይደለም። ሽፍታው በሌላ ወንጀልም ቢሆን ሞት እንደማይቀርለት ያውቃል፤ ሟቹ ሞቷል፤ ሴትዮዋ በሕይወት መኖርን የምትፈልግ አትመስልም። የሚከላከሉት ስማቸውን ነው። ለስም ሲባል የሚነገር ቃል ደግሞ የራሱ መልክ አለው፤ እኛ የሥነ ቃል ተማሪዎች መልኩን ልንስተው አይገባም ነበር። የታጆማሩ ቃል ፉከራ ነው። ፋካሪ ግዳዩን ይቆጥራል፤ የጣለውን ጠላት ጀግንነትም አያሳንስም፤ ፈሪን መግደል አያስፎክርምና። ሃያ ሦስቱ ምት የዚህ ቆጠራ ነው። የሴትዮዋ ቃል ሙሾ ነው፤ የሚያስፈልገው መልስ ሳይሆን አብሮ የሚያለቅስ ነው። የባልየው ቃል ደግሞ ደብረ ታቦርን ለሚያውቅ አንባቢ እንግዳ አይሆንም። የጋፋት ባለመድፍ ንጉሥ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ከመማረክ በገዛ ሽጉጣቸው መሞትን መርጠው ስንት ድርሰት እንደተደረሰላቸው እናውቃለን። በገዛ እጅ መሞት የተሸነፈን ሰው ከተሸናፊነት የሚያወጣበት የትረካ መንገድ አለ፤ ሳሙራዩም ያንን መንገድ ይዟል።

ሦስቱን ቃላት የሚለያቸው የሚያዩበት አንጻር ብቻ አይደለም፤ ዘውጋቸውም ነው። ይህን ባለማስተዋሌ ለዓመታት «አንጻር» ብዬ ያስተማርኩት ነገር ግማሽ ነበር። ዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ»ን በ1962 ዓ.ም. ሲያሳትም ባለታሪኮቹ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው የአነጋገር ልማድ እንዲናገሩ ማድረጉን እያደነቅን፣ ያው ጥያቄ ለጃፓኑ ፊልም እንደሚቀርብ አላሰብንም።

ስለ ጠንቋይዋ ጥቂት ልበል። ነጭ ለብሳ፣ ጸጉሯ በነፋስ እየተበተነ ትሽከረከራለች፤ ከአፏ የሚወጣው የወንድ ድምፅ ነው። አጎቴ «ሌባሻይ መሆኗ ነው» አሉ። ባለቤታቸው አልተስማሙም። «ሌባሻይ ይሄዳል እንጂ ይናገራል? ይቺ ባለዛር ናት» አሉ። ትክክል ናቸው። የሌባሻዩ ልጅ መድኃኒት ጠጥቶ ወደ ሌባው ቤት ይሮጣል እንጂ ታሪክ አይተርክም። ዛር ግን ይተርካል፤ ይጠይቃል፤ ይኩራራል። ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ላይ ባለዛሮችን አጥንቶ፣ ኋላ እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመው መጽሐፍ የዛርን ሥርዓት ከቴያትር ጋር ያያያዘው በዚሁ ምክንያት ነው። ምዕራባውያን ተመልካቾች በዚህ ትዕይንት ላይ ሙታን እንኳ ይዋሻሉ ብለው ይደነግጣሉ። የአጎቴ ቤት አልደነገጠም። ዛር የያዘው ሰው የሚናገረው ሁሉ እውነት ነው ብሎ የሚያምን እዚያ ቤት አልነበረም።

ወደ ሴትዮዋ ልመለስ። የአጎቴ ባለቤት እስከዚህ ድረስ ቡናቸውን እየቀዱ ብዙም አልተናገሩም ነበር። እንጨት ቆራጩ ባየው ታሪክ ውስጥ ባልየው «ለእንደዚህ ያለች ሴት ብዬ ነፍሴን አላጠፋም» ብሎ ሲገፋት፣ ሽፍታውም ወደ ኋላ ሲል፣ ሲኒውን አስቀመጡና «ይቺን ልጅ አንድ ሰው እንኳ ምን ሆንሽ አላላትም» አሉ። ከዚያ በኋላ ፊልሙን በዚህ ዓይን አየሁት። እውነት ነው። አንዱ ያገባት ዘንድ ይለምናታል፤ አንዱ ይንቃታል፤ መንገደኛው ይስቅባታል፤ መነኩሴው ስለ ሰው ልጅ ክፋት ያዝናል እንጂ ስለ እሷ አያዝንም። እንጨት ቆራጩ በተረከው ታሪክ ውስጥ ሁለቱን ወንዶች በሳቅ ተሳልቃ ወደ ፍልሚያ ስትገፋፋ ትታያለች፤ ያም የወንድ ቃል ነው። በኔ ማስተማሪያ ጽሑፍ ላይ ሴትዮዋ «ከዳተኛዋ ሚስት» ተብላለች። ከማን ቃል ወስጄ ነው? ከባልየው። ቃላቸው አይታመንም እያልኩ ሳስተምር የአንዱን ቃል አምኜ ጽፌው ኖሯል።

እንጨት ቆራጩ ያየው ፍልሚያ ከታጆማሩ ፉከራ ጋር ሲነጻጸር የሚያስቅ ነው። ሁለቱም ይንቀጠቀጣሉ፤ ይወድቃሉ፤ በአፈር ላይ ይድሃሉ፤ ያለከልካሉ። ሙዚቃው ጠፍቶ ትንፋሽ ብቻ ይሰማል። አጎቴ «ይኼ ሰው አይቷል። የሰው ጠብ እንዲህ ነው» አሉ። የዚህ ሰው ቃል ዘውግ የለውም፤ ፉከራም ሙሾም አይደለም፤ ስለዚህ ያመኑታል። እኔም አመንኩት። መንገደኛው ግን አላመነውም። በዕንቁ ያጌጠው ውድ ጩቤ የት ገባ? ብሎ ይጠይቀዋል። እንጨት ቆራጩ ዝም ይላል። የሰረቀው እሱ ነው።

እዚህ ላይ ጽሑፉንና ፊልሙን ማነጻጸር ግድ ይላል። ፊልሙ በሪዩኖሱኬ አኩታጋዋ ሁለት አጫጭር ልቦለዶች ላይ የተመሠረተ ነው። ከእ.ኤ.አ. 1915ቱ «ራሾሞን» የፈራረሰውን በርና የችግሩን ዘመን ወስዷል፤ የግድያው ታሪክ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1922 ከወጣው «በጫካ ውስጥ» ከሚለው ነው። «በጫካ ውስጥ» ሰባት የምስክር ቃል ብቻ ነው፤ ተራኪ የለውም፤ ማሰሪያ የለውም። በመጨረሻው ቃል ላይ ሟቹ በጨለማ እየሰጠመ ሳለ አንድ የማይታይ እጅ ቀስ ብሎ ጩቤውን ከደረቱ ይነቅለዋል። የማን እጅ እንደሆነ አይነገረንም። አኩታጋዋ ታሪኩን እዚያ ላይ ጥሎት ይሄዳል። እውነት እንደ ተራኪው ነው የሚለው አባባል የሚያስኬድ ከሆነ የሚያስኬደው ለዚህ ልቦለድ ነው።

ኩሮሳዋና አብሮት የፊልም ጽሑፉን ያዘጋጀው ሺኖቡ ሀሺሞቶ ግን ለዚያ እጅ ባለቤት ሰጡት። ታካሺ ሺሙራ የተጫወተው ደሃ፣ ስድስት ልጅ አሳዳጊ እንጨት ቆራጭ ነው የነቀለው። ይህ ትንሽ ለውጥ አይደለም። በልቦለዱ ውስጥ ጩቤው ምሥጢር ነው፤ በፊልሙ ውስጥ ጩቤው አንድ ቦታ አለ፤ ወይ ተሸጧል፣ ወይ ቤቱ ውስጥ ተደብቋል። እውነቱ አለ፤ የሚያውቅ ሰውም አለ፤ ያ ሰው ጩቤ ስለሰረቀ ብቻ በችሎት አፉን ይዟል። ሦስቱ ለስማቸው ሲሉ የዋሹት ውሸት ትልቅና ያማረ ነው፤ የአራተኛው ውሸት ደግሞ ትንሽና ለሆድ የተባለ ነው። ነገር ግን ችሎቱን ያሳወረው የትንሹ ሰው ዝምታ ነው። ከአውጫጭኙ ሜዳ አንጻር ስናየው እንጨት ቆራጩ መናገር የነበረበት፣ በሌብነቱ ምክንያት ያልተናገረ ወፍ ነው። ኩሮሳዋ በግለ ታሪኩ ላይ ረዳቶቹ ታሪኩ አልገባንም ባሉት ጊዜ ሰዎች ስለ ራሳቸው ለራሳቸው እንኳ ሐቁን መናገር እንደማይችሉ እንዳስረዳቸው ጽፏል። ይህ የእውነትን አለመኖር ከመስበክ ፈጽሞ የተለየ ነው።

ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1950 ወጥቶ በዓመቱ በቬኒስ ፌስቲቫል ታላቁን ሽልማት ሲያገኝ፣ የጃፓንን ሲኒማ ለምዕራቡ ዓለም ያስተዋወቀ ተብሎ ተወራለት። ወደ እኛ ጃፓን የገባችው በሌላ በር ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጎብኝተዋት «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን»ን ጽፈዋል፤ የ1923ቱ ሕገ መንግሥትም የጃፓኑን አብነት ይዟል። ያን ጊዜ የተፈለገው ፋብሪካዋና ሕጓ ነበር። ተረቷን የፈለገ ብዙ አልነበረም፤ እኛ የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ስንፈልጋትም በሁለተኛ እጅ፣ በማስተማሪያ ጽሑፍ ላይ ባለች አንዲት ዓረፍተ ነገር ሆነ።

የፊልሙ ፍጻሜ ብዙ ተቺዎችን አያስደስትም። ከበሩ ጀርባ የተጣለ ሕፃን ያለቅሳል። መንገደኛው የተጠቀለለበትን ልብስ ገፍፎ ይሄዳል፤ ይህም በአኩታጋዋ «ራሾሞን» የአሮጊቷን ልብስ ገፍፎ የሚሸሸውን ሎሌ ያስታውሳል። እንጨት ቆራጩ ሕፃኑን ስድስት ላይ ሰባተኛ አድርጌ አሳድገዋለሁ ብሎ ይወስደዋል፤ ዝናቡ ያባራል፤ መነኩሴው በሰው ላይ ያለው እምነት ይመለስለታል። የታዘለ ደግነት ነው፣ ለተመልካቹ ማስታገሻ የተጨመረ ነው የሚሉ አሉ። ፊልሙን በወረቀት ብቻ ባውቀው ኖሮ እኔም እንዲያ እል ነበር። የሺሙራን ፊት ሳይ ግን ያን ያህል እርግጠኛ አልሆንኩም። ሕፃኑን ሲቀበል ደስታ አይታይበትም፤ አንገቱን ይደፋል፤ መነኩሴው መጀመሪያ ሕፃኑን ሊገፍፈው መስሎት ሲከለክለው ሐፍረቱን እንዳለ ይውጠዋል።

ሦስተኛው መቋረጥ የመጣው ፊልሙ ካለቀ በኋላ ስለሆነ መቋረጥ ማለቱም አይስማማው ይሆናል። ላፕቶፑን ልዘጋ ስል አጎቴ «ጩቤውንስ?» አሉ።

«ምኑን ጋሼ?»

«መለሰው ወይ?»

ወደ ኋላ መልሼ አየሁት። ልጁን ይዞ በበሩ ይወጣል፤ እጁ ሙሉ ነው። ስለ ጩቤው የተባለ ነገር የለም።

«አልመለሰም» አልኳቸው።

«እንግዲህ ልጁን ያሳድግበት» አሉና ጋቢያቸውን ተከናንበው ተነሱ። ባለቤታቸው «ጩቤው የልጅቷ አልነበረም እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። የእሷ ነበር፤ በሽፍታው ቃልም በራሷም ቃል፣ መጀመሪያ ያወጣችው እሷ ናት። ይህን እኔ አላስተዋልኩም ነበር። ስለ ፊልሙ ካነበብኩትም ውስጥ ጩቤው ለማን ይመለስ ብሎ የጠየቀ አላጋጠመኝም።

በቀጣዩ ሴሚስተር የማስተማሪያ ጽሑፌን አስተካከልኩ። «ራሱን ነጻ ለማውጣት» የሚለውን ሰረዝኩ፤ «ከዳተኛዋ ሚስት» የሚለውንም። ተማሪዎቹ ፊልሙን በክፍል ውስጥ እንዲያዩት አደረግሁና ስለ እጁና ስለ ጩቤው ጠየቅኋቸው። የዚያችን ተማሪ የፈተና ወረቀት ግን ፈልጌ አላገኘሁትም፤ የቆዩ ወረቀቶች ተወግደዋል። እሷም ተመርቃ ሄዳለች። ጥያቄው የያዘው ነጥብ አምስት ነበር።